የአካኒሲ ቩኒቦላ ሙሉ ስም

ኢንጂነር ኤሮኒ ላቤቴ ከማቀዝቀዣው ክፍል በር ሥር እንደ ተንበረከኩ፣ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ እንደ ዘረጉ ደርቀው ተገኙ። ክፍሉ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ዲግሪ ነው። ሽማግሌው የለበሱት አበባ አበባ ያለበት እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ብቻ ነበር። «አምስት ደቂቃ ሙቀት ለክቼ እወጣለሁ» ያለ ሰው ካፖርት ምን ያደርግለታል?

ኢንስፔክተር ኡርሚላ ናይከር ከሱቫ ወደ ላሚ ከተማ የመጣችው ዝናቡን ሰንጥቃ ነው። ጃንጥላዋን ግድግዳ አስደግፋ ተቀመጠችና የሟቹን እጅ አየች። የአውራ ጣታቸው ቆዳ ተገሽልጧል። ቀና ብላ በሩን አየች። ከውስጥ የሚከፍተው ቀዩ ቁልፍ ላይ አንዲት ስስ ቆዳ ተጣብቃ ቀርታለች። ይህንን በደብተሯ ጻፈች እንጂ ለማንም አልተናገረችም። እሷ እንዲህ ናት፤ ያየችውን ቶሎ አታወጣም።

የዓሣ ማከማቻው ባለቤት ወይዘሮ ካምላ ከበስተኋላዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ያለቀ ነው። ወረቀቱም ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።»

«የማን ፊርማ?»

«የኔ» አለች አንዲት ልጅ ከደጅ። «እሱንም አልፈርምም።»

የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ የላስቲክ ቦቲ አድርጋ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። ዓይኖቿ በለቅሶ ቀልተዋል፤ አገጯ ግን ወደ ላይ ነው። አካኒሲ ቩኒቦላ ትባላለች፤ የሠራተኞቹን ካፖርትና ጓንት የምታጥብና የምታስቀምጥ እሷ ናት።

ወረቀቱ «ኢንጂነሩ ውስጥ መኖራቸውን ሳላይ በቸልተኝነት መቀርቀሪያውን ወርውሬ ሄድኩ፤ በኋላም በድብቅ አነሳሁት» ይላል። ኡርሚላ አነበበችውና አጠፈችው።

«ለምን እሷ?»

«ይኸው!» ካምላ የፊት ለፊቱን በር አሳየቻት። «ወደ ልብስ ክፍሉም ወደ ማቀዝቀዣውም የሚያስገባው ይህ አንድ በር ነው፤ ያለ ካርድ አይከፈትም። ካርድ የነካውን ሁሉ ማሽኑ ወረቀት ላይ ያትማል። ዛሬ ጠዋት ጭነት ስላልነበረ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ኤሮኒ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ እሷ ሁለት ሰዓት ከአርባ። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስት ሰዓት ከሩብ ድረስ፣ እኔና እሷ ፍለጋ እስክንገባ፣ ወፍ ዝር አላለም። ቀዩን ቁልፍ ሞከርነው፣ ይሠራል። ውስጥ ሲጫኑት የሚጮኸው ጥሩምባም ይሠራል። እንግዲህ ሰው እዚያ የሚያስቀረው ከውጭ ያለው መቀርቀሪያ ብቻ ነው። እዚያ የደረሰ ደግሞ ከሷ በቀር የለም። ማሽን አይዋሽም።»

«ሰውስ?»

«ምን አልሽኝ?»

«ምንም። ወረቀቱን እስቲ።»

ኡርሚላ የማሽኑን ጥቅል ወረቀት ተረትራ አየችው። መጀመሪያ ላቤቴ፣ ጉዳይ ሙቀት ልኬታ። ቀጥሎ የልጅቱ ስም፣ ከስሙ ጋር ተጣብቆ አንድ የማይገባ ነገር፣ ከዚያ ጉዳይ ልብስ ክፍል። የማይገባው ነገር በእኛ ፊደል ቢጻፍ «ቁ0ጥ0ፈ3» የሚል ነው።

«ይህ ምንድነው?»

በሩ አጠገብ የቆመ ረዥም ሰው ሳቀ። ሌስሊ ፒተርሰን ነው፤ የጥራት ኃላፊው። ወደ ውጭ አገር የሚጫነው ዓሣ ሁሉ በእሱ ፊርማ ነው የሚወጣው።

«የማሽን ለሃጭ ነው፣ ኢንስፔክተር! የሷ ስም ረዥም ስለሆነ ማሽኑ ይተፋዋል። ሌላው ሰው ጋ እንዲህ አያደርግም። አሳጥሪው ብንላት፣ ወይ ፍንክች!»

ኡርሚላ አልሳቀችም።

አካኒሲን ልብስ ክፍሉ ውስጥ፣ በተሰቀሉት ካፖርቶች መሀል አነጋገረቻት።

«ስምሽን አሳጥሪ ሲሉሽ እምቢ ያልሽው ለምንድነው?»

«የአያቴ ስም ነዋ! ሞክሼዋ ነኝ። እኛ ዘንድ ሞክሼ ቀልድ አይደለም፤ አያቴ እኔን ስትጠራ ራሷን ነው የምትጠራው። እነሱ ግን ‹አ. ቩኒቦላ በይው፣ ማሽኑ እንዳይቸገር› አሉኝ። ማሽኑ ይቸገር! እኔ ለምን እቸገራለሁ? ካርዱ ላይ ሙሉውን ስም ያስገቡልኝ ጋሽ ኤሮኒ ናቸው። ‹ልጄ፣ አንዴ ከተቆረጥሽ ይለምድባቸዋል› አሉኝ።»

ድምጿ ተሰበረ። ኡርሚላ ደብተሯን ገለጠች።

«ጠዋት እዚህ ስትገቢ ምን ሰማሽ?»

«የማራገቢያውን ድምፅ። ሌላ ምንም። በመሀላችን ሦስት እርምጃ ነበር እኮ! ሦስት! ጓንት እየቆጠርኩ… እሳቸው እዚያ…» ፊቷን በካፖርት እጅጌ ጠረገች። «ጥሩምባው አንድ ጊዜ ቢጮህ በሩን በጥርሴ እገነጥለው ነበር።»

«ዛሬ ምን ሊያደርጉ ነበር?»

«ቀትር ላይ የጤና ቢሮ ሰው ጠርተው ነበር። ‹አንድ የማሳየው ነገር አለኝ› ብለውኛል፤ ምን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ቢሮ ያለ ሁሉ። ቀጠሮው የእትዬ ካምላ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል።»

«አካኒሲ፣ እውነቱን ልንገርሽ። አለቃዬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የሰጠኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ካላገኘሁ ይዤሽ ነው የምሄደው። ብትፈርሚ ቸልተኝነት ይባላል፤ ይቀልልሻል።»

«ይቀልልሻል?» ልጅቱ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። «እንደ አባት ያሳደጉኝን ሰው ገደልኩ ብዬ ስሜን ልጻፍ? ይህንን ስም? በቁሜ አላደርገውም! ከፈለጉ አሁኑኑ ይሰሩኝ።»

ኡርሚላ ደብተሯን ዘጋችና ወጣች። 

ፒተርሰን ሻይ ቀርቦለት ተቀምጦ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ብናኝ እንኳ የለችም።

«እኔ ልጅቱን አልጠላትም። አደጋ ነው» አለ። «ምን ይደረግ? ጥሩምባው ከተዘጋ ያን የሚያህል ወፍራም በር አልፎ ማን ይሰማቸዋል?»

የኡርሚላ እርሳስ አላቆመም። «ማሽኑን ማዘዝ የሚችለው ማነው?»

«ከቢሮ ኮምፒውተር የሚሰጠውን የአገልግሎት ትእዛዝ ማለትሽ ነው? ፈቃድ ያላቸው ሦስት ናቸው። አንደኛ ካምላ፣ ሁለተኛ ፕሮግራሙን የጻፈው ሙኔሽ፣ ሦስተኛ ሟቹ።»

«አንተስ?»

«እኔ? ኧረ በፈጠረሽ! ኮምፒውተር የምከፍተው ደብዳቤ ለማንበብ ነው።»

ሙኔሽ ፓልን ደግሞ ከሽቦና ከባዶ ሳህን መሀል ሮቲ የሚባለውን ቂጣ ጠቅልሎ ይዞ አገኘችው። ገና ከመቀመጧ ነው የጮኸው።

«ፕሮግራሜ ሰው አልገደለም! አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል!»

«ገደለ አልኩህ? ለሃጩ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ንገረኝ። እኔ ግን ፕሮግራም የምትጽፉበትን፣ ሲ የሚባለውን ቋንቋ አላውቅም፤ እንደ ሰው አስረዳኝ።»

ሙኔሽ ተረጋጋ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ልጅ ይሆናል።

«ማሽኑ ማስታወሻው ትንሽ ነው። ካርድ ሲነካ ከማስታወሻው አንዲት መሳቢያ ይዋሳል። ሠላሳ ሁለት ቤት አላት። የፊተኞቹ አሥራ ስድስት ለስም፣ የኋለኞቹ አሥራ ስድስት ለጉዳይ። ስሙን መጀመሪያ ያትማል፣ ከዚያ ሰውየው ጉዳዩን ይጽፋል፣ እሱንም ያትማል። ሲያበቃ መሳቢያዋን ይመልሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ያችኑ መሳቢያ ያገኛል።»

«ታጥባ?»

«ሲ ቋንቋ የሰው ዕቃ አያጥብም። ባለቤቱ ካላጠበ ያለፈው ሰው ነገር እዚያው ይቀመጣል፣ አዲሱ እስኪጽፍበት።»

«ስሙ የት እንደሚያልቅስ በምን ያውቃል?»

«ከስሙ ኋላ አንዲት ዜሮ ትቀመጣለች፤ ወረቀት ላይ የምትታተመዋ 0 ሳትሆን የማትታይ ባዶ ምልክት ናት። ዜሮዋን ሲያይ ያቆማል። ዜሮ ካጣ ማንበቡን ይቀጥላል፤ አፉን መዝጋት አያውቅም።»

«አካኒሲ ቩኒቦላ ስንት ቤት ነው?»

ሙኔሽ ሮቲውን አስቀመጠው። «በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በመሀል ያለውን ክፍተት ጨምሮ፣ ልክ አሥራ ስድስት። ለዜሮዋ ቦታ አልተረፈም። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ቤት ይሻገርና ያለፈው ሰው የተወውን ያነባል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለስም አሥራ ስድስት ይበቃል ብዬ ነበር። ማረሚያውን አምና አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዲት ቤት መጨመር ብቻ ነው። ካምላ ግን ‹ለአንዲት ልጅ ስም ብዬ ማሽን አላስቆምም፤ ታሳጥረው› አለች።»

«ቀዩን ቁልፍና ጥሩምባውን የሚዘጋው የአገልግሎት ትእዛዝስ ወረቀቱ ላይ ይወጣል?»

«አይወጣም። ስሞክር ወረቀት እንዳይጨርስ ብዬ ነው። ጉዳዩ ቤት ግን…»  ፊቱ ቀስ እያለ አመድ መሰለ። «ወይኔ! ትእዛዙ የሚጻፈው እዚያችው መሳቢያ ላይ ነው።»

«በል እንግዲህ፣ ትንፍሽ እንዳትል» አለችው ኡርሚላ። «ያለፉትን ስምንት ወራት ጥቅል ወረቀት ሁሉ አምጣልኝ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረቀት ስትተረትር ቆየች። አካኒሲ ጭነት ባለበት ቀን አሥራ አምስት ጊዜ ካርድ ትነካለች፤ እሷን ሳይነካ የሚያልፍ ነገር የለም። ከሷ በፊት የገባው «እጥበት» ብሎ ጽፎ ከሆነ የሷ ስም ጫፍ ላይ እጥበት ተጣብቋል። «ጭነት» ካለ ጭነት። ለሃጩ ለሃጭ አልነበረም። ኡርሚላ አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች፣ መለስ ብላ አየች፣ ቀኑን በደብተሯ ጻፈች። ከዚያ ወደ ካምላ ቢሮ ሄዳ የሠራተኞች የዕረፍት ፋይል ጠየቀች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበቻቸው። ካምላ ሰዓቷን ታያለች፣ ሙኔሽ ጣቱን ያፍተለትላል፣ ፒተርሰን ግድግዳ ተደግፏል። አካኒሲ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማለች፤ እጇ አሁንም ደረቷ ላይ እንደ ተጣመረ ነው።

«ወይዘሮ ካምላ፣ በራስሽ የፈቃድ ቁጥር ጥሩምባውን ዝጊው» አለች ኡርሚላ።

ካምላ ግራ እየተጋባች ቢሮ ገብታ አዝዛ ተመለሰች። ማሽኑ አንዲት መስመር አላተመም።

«አካኒሲ፣ ካርድሽን ንኪ።»

ማሽኑ ጠቅ ጠቅ አለ። ኡርሚላ ወረቀቱን ቀድዳ ለካምላ ሰጠቻት። ከአካኒሲ ቩኒቦላ ጋር ተጣብቆ «ጥ0ፈ1» ይላል። ጥሩምባ ዝግ፣ ፈቃድ አንድ።

«ፈቃድ አንድ አንቺ ነሽ» አለች ኡርሚላ። «ማንም እንዳያውቅ ሆኖ የታዘዘውን ይህች ልጅ ስሟን ስታስነካ ማሽኑ ይለፈልፈዋል። አሁን የጠዋቱን እንይ። ከሷ በፊት የታተሙት ኤሮኒ ናቸው፣ ጉዳያቸው ሙቀት ልኬታ። ስለዚህ የሷ ስም ጫፍ ላይ ‹ሙቀት ልኬታ› መገኘት ነበረበት። ያለው ግን ሌላ ነው። ቁልፍ ዝግ፣ ጥሩምባ ዝግ፣ ፈቃድ ሦስት።»

«ሦስት የኤሮኒ ነው!» አለች ካምላ።

«አዎ። ኤሮኒ ግን ያን ጊዜ ውስጥ ናቸው፤ ማሽኑም ከውስጥ አይታዘዝም። እሳቸው ከገቡ በኋላ ሌላ ሰው በሳቸው የሚስጥር ቃል ቀዩን ቁልፍ ገደለው፣ ጥሩምባውንም አፈነው፤ ከቀትር በፊት መልሶ ከፈተው። እናንተ ስትሞክሩት የሠራው ለዚህ ነው። መቀርቀሪያውን የወረወረ ሰው የለም። መቀርቀሪያ በር ይዘጋል እንጂ ጥሩምባ አይዘጋም። ሽማግሌው የአውራ ጣታቸው ቆዳ እስኪላጥ ቁልፉን ተጭነዋል፤ ቆዳው አሁንም እዚያ አለ። ጥሩምባው ቢከፈት ኖሮ ላሚ በሙሉ ይሰማቸው ነበር።»

አካኒሲ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሙኔሽ ነዋ!» ፒተርሰን ከግድግዳው ተነሳ። «ማሽኑን የሠራው እሱ ነው፤ የማንንም የሚስጥር ቃል ማግኘት ይችላል!»

«አንተ ሰውዬ!» ሙኔሽ ሊዘልበት ሲል ፖሊሱ ያዘው።

«ተወው፣ ሙኔሽ» አለች ኡርሚላ። «መሳቢያው እንደማይታጠብ የሚያውቀው አንድ ሰው እሱ ነው። እሱ ቢሆን ካዘዘ በኋላ ያጥበው ነበር። ይህን ያደረገው ‹የማሽን ለሃጭ› ብሎ የሳቀ ሰው ነው።»

ፒተርሰን አንድ እርምጃ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

«ከሦስት ወር በፊት» ኡርሚላ ሌላ ጥቅል ዘረጋች፣ «ኤሮኒ ልጃቸውን ሊድሩ ታቬዩኒ ደሴት ነበሩ። ሁለት ሳምንት። በዚያ መሀል ሁለት ቀን፣ የዚህች ልጅ ስም ጫፍ ላይ ‹ጥ0ፈ3› አለ። ባሕር ማዶ ሠርግ ላይ ያለ ሰው እንዴት ነው ላሚ ላይ ጥሩምባ የሚዘጋው? ወይዘሮ ካምላ፣ ከዕረፍት ፋይላቸው ያገኘሁት ይህ ደብዳቤ የማን ነው?»

ካምላ ወረቀቱን አየችና ደሙ ከፊቷ ሸሸ። ፊርማው የራሷ ነው። «ኤሮኒ የሚስጥር ቃሉን በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ። እኔም… ተተክቶ ለሚሠራው ሰው ሰጠሁት። ለሌስሊ።»

«ኮምፒውተር ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ ለሚከፍተው ሰው። ኤሮኒም ሲመለሱ ቃሉን አልቀየሩም። ጥሩምባው ክፍሉ ሲሞቅም ይጮሃል፣ አይደል ሙኔሽ?»

«ይጮሃል።»

«በነዚያ ሁለት ቀናት የሙቀት ቅጹ ላይ ‹ሠላሳ አምስት ከዜሮ በታች› የሚል አለ፤ ፈራሚው ኤል ፒተርሰን። ሠላሳ አምስት ላይ ጥሩምባ የሚዘጋ ሰው ምን ነክቶት ነው? ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ነበር። ዓሣው ሁለት ቀን ቀልጦ፣ ተመልሶ በረደ። ሊጫን የተዘጋጀው እሱ ነው፣ የሚበላውም ሰው ነው። ኤሮኒ ይህን ደረሱበት። ዛሬ ቀትር ላይ ሊያሳዩት የነበረው ይህ ነው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ ሌስሊ፣ ‹ጥሩምባው ከተዘጋ ማን ይሰማቸዋል› ስትለኝ፣ ጥሩምባው ተዘግቶ እንደ ነበር ገና ለማንም አልተናገርኩም ነበር።»

«ማስረጃሽ ይኼው ነው?» ፒተርሰን ሊስቅ ሞከረ። «የማሽን ጉድፍ? የአንዲት አጣቢ ስም?»

አካኒሲ ከፖሊሶቹ መሀል ወጣች። ማንም አልያዛትም።

«አዎ፣ የአጣቢ ስም!» ድምጿ አዳራሹን ሞላው። «ቁረጪው ያልከኝ ስም! ብቆርጠው ኖሮ ዛሬ አንተ ሻይህን ትጠጣለህ፣ እኔ እስር ቤት እገባለሁ። እስቲ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ! ሲጫኑት፣ ሲጫኑት፣ ሲጫኑት… አንተ ምን ታደርግ ነበር?»

ፒተርሰን ዓይኗን ማየት አልቻለም። «ለመንኳቸው» አለ ወደ ወለሉ። «ተዉት አልኳቸው። ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! እምቢ አሉ።»

«እምቢ ነው የሚሉት» አለች አካኒሲ። «እኔን ማን ያስተማረኝ መሰለህ?»

ፖሊሶቹ ፒተርሰንን ይዘውት ሲወጡ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ካምላ ያን የታጠፈ ወረቀት ከኡርሚላ እጅ ወሰደችና ቀደደችው። ወደ አካኒሲ ዞረች።

«ማሽኑን…» አለች፣ «ሙኔሽ ነገ ያስተካክለዋል። አቁሞትም ቢሆን።»

«ዛሬ» አለች አካኒሲ።

«እሺ። ዛሬ።»

ሙኔሽ ቀና ብሎ ሳያይ መፍቻውን አነሳ።

ኡርሚላ ከቦርሳዋ የምስክርነት ቃል መስጫ ቅጽ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ሁሉንም በራሷ እጅ ሞልታዋለች፤ ካርዱን፣ ሰዓቱን፣ ሦስቱን እርምጃ። ከታች ለምስክሩ ስም የተተወችው ሳጥን ጠባብ ናት። አካኒሲ እስክሪብቶውን ይዛ ሳጥኗን አየች፣ ከዚያ ኢንስፔክተሯን አየች።

«ይህንን ትፈርሚያለሽ?» አለቻት ኡርሚላ።

«ይህንንማ እፈርማለሁ።»

«ካልበቃሽ ወደ ውጭ ውጪ።»

አካኒሲ ጎንበስ ብላ ጻፈች። አንድም ፊደል ሳትቆርጥ፣ ቀስ ብላ፣ የሳጥኗን መስመር አልፋ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ።